መጥረጊያ ይዞ ክላስ የገባው ፓይለት

(ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ ለቴክኒክ ተማሪዎች የተናገርኩት ነው። የእህቴ ልጅ በስልኳ ቀድታው ኖሮ እየሰማች ታይፕ አድርጋ አመጣችልኝ፣ እኔ «እእእ» የሚለውን አውጥቼ ሌላውን እንዳለ ተውኩት፣ ስለዚህ እዚህም እዚያም ቢረግጥ አትፍረዱብኝ።)

እሺ ልጆች እንደምን ዋላችሁ፣ አካም ጅርቱ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑና መሬትም ቢሆን ተቀመጡ። ስናገር የምጮህ ከመሰላችሁ እየጮህኩ ነው፣ አላውቀውም፣ ስንት አመት ሙሉ የሚሰራ ሞተር ስር ቆሜ ጆሮዬ አልቋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። በር ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት «የአየር ኃይል መኮንን ስለ ልጅነቱና ስለ ስልጠናው ይናገራል» ይላል። እኔ መኮንን አልነበርኩም፣ የበታች ሹም ነበርኩ፣ ደብረዘይት ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ጋራዥ በሉት፣ እዛ ውስጥ የሞተር ቴክኒሺያን። አሁን ጋራዥ ያለኝ ሰውዬ ነኝ፣ ግማሻችሁ የአባታችሁን መኪና እኔ ጋ አይታችሁት ታውቃላችሁ። ግን ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲያ ውሸታም እንዳትባሉ ስለ አንድ እውነተኛ መኮንን አወራላችኋለሁ፣ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ስለሚባል ሰው። እጃችሁን አውጡ እስቲ ስሙን የሰማችሁ። ሶስት፣ አራት... እሺ፣ አስተማሪዎቹን ጨምሮ አምስት።

ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ጣልያን በ1928 ዓ.ም ሊወረን ሲል መጥቶ የአየር ኃይላችን አዛዥ የሆነ፣ «ብራውን ኮንዶር» ይሉታል፣ እናንተ ቡናማው ንስር በሉት። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ታሪኩን ከዛ ነው የሚጀምሩት፣ መስከረም 22 አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዛው ከተማው ውስጥ ነበር፣ ከንጉሱ ጋር እንዲህ አለ፣ እንዲያ አለ። ጥሩ ነው። እኔን ግን እንደ መካኒክ የሚገርመኝ ከዛ በፊት ያለው ሰላሳ ምናምን አመት ነው። ሰውየው እኛ ጋ ሲደርስ ለምን እንደጠቀመን የሚገባችሁ እሱን ስታውቁ ነውና።

ከሱ በፊት ግን ስለራሴ ትንሽ ልበል፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እንዳይቀር።

እኔ ያደግኩት እዚሁ ቆጪ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ በቡና ለቀማ ጊዜ ልጅ ሁሉ ገጠር ዘመድ ጋ ይላካል፣ እኛም እንሄዳለን። እና እኔ ሁልጊዜ እገረፋለሁ። ለምን፣ ቅርጫቴ ውስጥ ቀዩና አረንጓዴው ቡና ተቀላቅሎ ነው የሚገኘው። «ይሄ ልጅ ሆን ብሎ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ያገኘውን ይዘነጥላል» ትላለች አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና። እኔ ደግሞ እምልላችኋለሁ እየመረጥኩ ነበር። ጠንከር ያለውንና ለስለስ ያለውን በጣቴ እየጫንኩ መለየት የጀመርኩት ያኔ ነው፣ ግን በጣት ቀስ ብለህ ስትለቅም ደግሞ ቅርጫቱ አይሞላም፣ በሱም ትገረፋለህ።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ኤርፖርት አጥር ላይ ተንጠልጥለን ዳኮታ እናይ ነበር። ያ ዲሲ ስሪ የምትሉት፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ ቆሞ ራሱ አፍንጫውን ሽቅብ የሚያነሳ። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ያስላል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ከዛ ይስተካከላል። ሌሎቹ ልጆች ፓይለቱን ነበር የሚያዩት፣ ኮፍያውን፣ መነጽሩን። እኔም ፓይለት ነበር መሆን የፈለግኩት፣ አልዋሽም።

በ1970 ዓ.ም ደብረዘይት ሄድኩ። ጦርነቱ የነበረበት ጊዜ ነው፣ የሶማሊያ ወረራ፣ የኛ ኤፍ ፋይቭ ጄቶች የሶማሊያን ሚግ ጄቶች የሚጥሉበት ጊዜ፣ አገር ሁሉ ስለ ፓይለት ነው የሚያወራው። ፈተናውን አለፍኩ፣ ደም ግፊት አለፍኩ፣ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ አዙረው ቀጥ ብለህ ሂድ አሉኝ፣ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ሃኪም ትንሽ መጽሐፍ ገለጠልኝ፣ ገጹ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ነው። «ስንት ቁጥር ይታይሃል?» አለኝ። ቁጥር? የምን ቁጥር፣ ጤፍ የተበተነበት ሰፌድ ነው የሚመስለው። ገለጠ፣ ገለጠ፣ እኔ ዝም። «ልጄ» አለኝ፣ «ቀይና አረንጓዴ አይለይልህም፣ ታውቅ ነበር?»

እዛው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አውሮፕላን አልነበረም፣ ስለ ቅርጫቱ ነበር። የአክስቴ አለንጋ።

ፓይለትነት ቀረ። ኤሌክትሪክ ክፍልም አይሆንህም፣ ሞተር ግባ አሉኝ፣ ገባሁ። የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ዘይት ቀይ ነው፣ የሚያፈስ ቱቦ ሌላው በአይኑ ያገኘዋል እኔ በሽታና በጣቴ ነው የማገኘው፣ አንዳንዴም ከነሱ ቀድሜ። በቃ የኔ ይብቃ፣ ወደ ሰውየው።

ጆን ሮቢንሰን የተወለደው በፈረንጆቹ 1903 ነው (ከዚህ በኋላ ዓ.ም ካላልኩ አመቱ የፈረንጅ ነው)፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ካራቤል በምትባል የባህር ዳር ከተማ። ጨቅላ እያለ አባቱ ሞተ፣ እናቱ ይዛው ሚሲሲፒ ገልፍፖርት ገባች፣ እዛ አገባች፣ የእንጀራ አባቱ የባቡር ድርጅት ሰራተኛ ነው። ስለዚህ ልጁ ከብረትና ከቅባት ሽታ ጋር ነው ያደገው። በልጅነቱ አውሮፕላን አይቶ ልቡ እንደሸፈተ ይነገራል፣ ስለ ፓይለት ሁሉ ይሄ ይነገራል፣ እኔም አሁን ስለ ዳኮታ ነገርኳችሁ አይደል።

በዛን ጊዜ ሚሲሲፒ ማለት ጥቁርና ነጭ በህግ የተለያዩበት አገር ነው፣ ትምህርት ቤቱ ለየብቻ፣ ባቡር ላይ ወንበሩ ለየብቻ፣ ውሃ የሚጠጣበት ቧንቧ ሳይቀር። ገልፍፖርት ውስጥ የጥቁር ልጅ እስከ አስረኛ ክፍል ነው የሚማረው፣ ከዛ በላይ የለም። ውጤት አልመጣለትም አይደለም፣ ክፍሉ ራሱ የለም። እዚህ ማትሪክ አልመጣልንም ብላችሁ ያኮረፋችሁ ልጆች አላችሁ፣ ሳላውቅ አይደለም፣ የአንዳንዶቻችሁን እናቶች አውቃለሁ።

እናም ወደ አላባማ፣ ተስኪጊ ሄደ። ተስኪጊ ቡከር ቲ ዋሽንግተን የሚባለው፣ ራሱ በባርነት የተወለደ ሰው፣ በ1881 የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። ህንጻውን የሰሩት ተማሪዎቹ ናቸው፣ ጡቡን ሳይቀር ራሳቸው ጋግረው፣ መጀመሪያ የተጋገረው ተበላሽቶባቸው እንደገና ጋግረው። ሮቢንሰን የተማረው የመኪና መካኒክነት ነው፣ ሶስት አመት፣ በ1924 ጨረሰ። ልብ በሉ፣ በረራ አይደለም። የእናንተን ነው የተማረው። ፒስተን፣ ቫልቭ፣ ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ የሞተር እቃ ሁሉ።

(እዚህ ጋ አንድ ልጅ «ጋሼ ያኔም ካንዴላ ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ሳቅ ሆነ።) አይ እነሱ ሌላ ነው የሚሉት፣ ካንዴላ ጣልያንኛ ነው። እሱ ራሱ የሚገርም ነው እኮ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም የጣልያን ነው። አድዋን በቦምብ የደበደቡት ሰዎች ናቸው የጋራዥ ቋንቋችንን ትተውልን የሄዱት፣ ሮቢንሰን ደግሞ አንድ ቃል ሳይተውልን ሄደ። ታሪክ እንዲህ ነው አንዳንዴ።

ከተስኪጊ ሲወጣ አገሩ ላይ ለጥቁር መካኒክ የሚሆን ስራ አልነበረም፣ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ዲትሮይት፣ የመኪና ፋብሪካ ከተማ። እዛ ኮርኒሊየስ ኮፊ ከሚባል ልጅ ጋር ተገናኘ፣ ያም መካኒክ ነው፣ ያም ጥቁር ነው፣ ያም አውሮፕላን አውሮፕላን የሚል ነው። ሁለቱም በኋላ ቺካጎ ገቡ። ሮቢንሰን ጋራዥ ከፈተ። ገንዘብ ማግኘት ጀመረ፣ ጎበዝ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆም ነበር፣ እኔ ራሴ እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት።

ቺካጎ ላይ ከርቲስ ራይት የሚባል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አለ። አመለከተ፣ ጥቁር አንቀበልም አሉት። ደግሞ አመለከተ፣ አሁንም አንቀበልም። ከዛ በኋላ የሆነው ሁለት አይነት ሆኖ ነው የሚወራው፣ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ይሄ ነው፣ ተማሪ ሆኖ መግባት ሲያቅተው ጽዳት ሆኖ ገባ። ጋራዥ ያለው ሰው፣ ሰራተኛ ያለው ሰው፣ መጥረጊያ ይዞ። ትምህርት በሚሰጥበት ሰአት ያንኑ ክፍል ይጠርጋል፣ በጣም ቀስ ብሎ ይጠርጋል፣ ሲወጡ ሰሌዳው ላይ ያለውን ይገለብጣል፣ ከዛ ያጠፋዋል፣ ማጥፋትም ስራው ነው። ማታ ሄዶ ለነኮፊ ያስተምራል። እስቲ አስቡት፣ ስለ ክንፍ፣ አየር ከላይና ከታች እንዴት እንደሚያልፍ፣ ለካንዴላው እሳት ስለሚሰጠው ማግኔቶ፣ መሬቱን እያየ እየጠረገ የሚሰማ ሰው። ጥያቄ መጠየቅ አይችልም። አንድ ጊዜ ያመለጠው አመለጠው።

ቡድን አቋቋሙና አውሮፕላን ሰሩ። ሂዝ ፓራሶል የሚባል ነው፣ በኪት የሚሸጥ፣ የአንድ ሰው፣ ክንፉ ከላይ እንደ ጃንጥላ የተቀመጠ። ክንፉ እንጨት ነው፣ እላዩ ላይ ሸራ ይወጠራል፣ ይሰፋል፣ ከዛ ዶፕ የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፣ ሲደርቅ ሸራው እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሞተሩን ከየት አመጡት? ከሞተር ሳይክል። ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሳይክል ፈትተው አውሮፕላን ላይ ገጠሙት። (ከኋላ «ባጃጅስ ይሆናል?» ያለው ልጅ፣ አንተን ውጭ አገኝሃለሁ። አይሆንም። ክብደቱን ከጉልበቱ ጋር አስላው፣ ስሌቱን ይዘህ ና።) ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች አንዱ መጥቶ አየው፣ መረመረው፣ ራሱ ገብቶ አበረረው። ተነሳ፣ በሰላም አረፈ። ጽዳት የሚሰራው ሰውዬ የሰራው አውሮፕላን።

ሁለተኛው የሚወራው ደግሞ ሮቢንሰንና ኮፊ በፖስታ ነው የተመዘገቡት ይላል፣ ፖስታ መልክ የለውም፣ ተቀበሏቸው፣ ከፈሉ። በአካል ሲመጡ ግን «ስህተት ነው፣ ገንዘባችሁን ውሰዱ» ተባሉ። ኮፊና ሮቢንሰን የሚሰሩለት ኤሚል ማክ የሚባል ነጭ የመኪና ነጋዴ ነበረ፣ እሱ ነው ካልተቀበላችኋቸው ክስ እመሰርታለሁ ያለው። ገቡ።

እኔ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ፣ በር የሚከፈተው በአንድ ቁልፍ ብቻ አይደለምና። የሆነ ሆኖ በ1931 ጨረሱ። ከዛ በኋላ የተደረገው ነው ደስ የሚለኝ፣ ያው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች ሰብስባችሁ ካመጣችሁ ክፍል እንከፍታለን አላቸው፣ አስተማሪዎቹ ሮቢንሰንና ኮፊ ሆኑ። በጠረገበት ክፍል።

አሁን ያቺ ልጅ እጇን ካወጣች ቆየች፣ ጠይቂ የኔ እናት። ... «ሴት ነበረች ወይ» ነው ያለችው። ነበረች እንጂ! በቡድናቸው ውስጥ ጃኔት ብራግ የምትባል ነርስ ነበረች፣ በነርስ ደሞዟ ለቡድኑ አውሮፕላን የገዛች እሷ ናት። ወንዶቹ የሚማሩበትን አውሮፕላን የገዛችው ሴት ናት ማለት ነው። ከነሱ በፊት ደግሞ ቤሲ ኮልማን አለች፣ አሜሪካ የሚያስተምራት ስታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሄዳ በ1921 ፈቃዷን ያገኘች። እኛም ጋ ሙሉእመቤት እምሩ አለች፣ ከጣልያን ወረራ በፊት በረራ መማር የጀመረች፣ ወረራው ነው ያቋረጣት። ስሟን ጻፊው፣ ሙሉእመቤት እምሩ። የሷ ነገር ራሱን የቻለ አንድ ቅዳሜ ይፈልጋል።

የት ነበርኩ... አዎ፣ ማረፊያ። ማንም ማረፊያ አያከራያቸውም። ከቺካጎ ወጣ ብላ ሮቢንስ የምትባል የጥቁሮች ትንሽ ከተማ አለች፣ እዛ ሜዳ አገኙ። ሜዳ ስላችሁ ሜዳ እንዳይመስላችሁ፣ ዛፍ ነቀሉ፣ ድንጋይ ለቀሙ፣ ከወዳደቀ እንጨት ሃንጋር ሰሩ። በ1933 አውሎ ነፋስ መጥቶ ሃንጋሩን ከነአውሮፕላኑ አወደመው። ከዜሮ ጀመሩ፣ ሃርለም የሚባል ሌላ ኤርፖርት ጥግ ሰጣቸው።

በ1934 ተስኪጊ ከተመረቀ አስር አመት ሞላው፣ የድሮ ተማሪዎች የሚገናኙበት በአል አለ፣ ሮቢንሰን በአውቶብስ አልሄደም፣ በአውሮፕላን ሄደ። ከጓደኞቹ ጋር ሆነው ሁለት አውሮፕላን ይዘው ነበር የተነሱት፣ አንዱ መንገድ ላይ ተበላሸ፣ እሱ በተረፈው ደረሰ። የሄደው ለመታየት ብቻ አይደለም፣ «የበረራ ትምህርት ቤት ክፈቱ» ሊላቸው ነው። ሃሳቡን ወደዱት፣ ገንዘብ የለንም አሉት፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ የወደቀችበት ጊዜ ነው። ከአምስት አመት በኋላ ከፈቱ፣ እነዛ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ስማቸው የገነነው የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ከዛ ነው የወጡት። እሱ ግን እስከዛ አልጠበቀም፣ ሌላ ቦታ ሄደ።

የኛ ቦታ። እንዴት መጣ? መላኩ በያን የሚባል የንጉሱ ዘመድ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ህክምና የተማረ ሰው ነበር፣ ስለ ሮቢንሰን ሰማ፣ አገናኘው። በግንቦት 1935 በፈረንጅ፣ ሮቢንሰን ጉዞ ጀመረ።

ግን አዲስ አበባ ላይ ስለ አሜሪካ ፓይለት ጥሩ ትዝታ አልነበረም። ከአምስት አመት በፊት ኹበርት ጁሊያን የሚባል ሰው ከአሜሪካ መጥቶ ነበር፣ ትውልዱ ትሪኒዳድ ነው፣ በጣም ዝነኛ፣ በጣም ለባሽ፣ በጣም ተናጋሪ። በ1923 ዓ.ም ንጉሱ ዘውድ ሊጭኑ ሰሞን፣ ለበአሉ ልምምድ ሲደረግ፣ የንጉሱን አዲሷን ጂፕሲ ሞዝ አስነስቶ ባህር ዛፍ ላይ ሰቀላት። እሱ ተረፈ፣ አውሮፕላኗ አልተረፈችም። እንግዲህ ቀጣዩ ሰው ሲመጣ ምን ብለው እንደሚያዩት አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስኩ፣ ሰአት አለን አይደል? አለን።

ቺካጎ ከባህር ወለል በላይ 180 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ 2,400። ጅማ ራሷ 1,750 ገደማ ናት። አየር ሽቅብ በወጣህ ቁጥር ይሳሳል፣ ሞተር ደግሞ የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየር ነው የሚበላው። ተርቦ፣ ማለት አየር አፍኖ የሚያስገባ መሳሪያ፣ የሌለው ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ሶስት ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ያጣል፣ አዲስ አበባ ላይ ሩቡ ሄዷል ማለት ነው፣ መኪና ቢሆን ማርሽ ትቀንሳለህ፣ አውሮፕላን ግን ማርሽ የለውም። ክንፉም ስስ አየር ላይ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ሜዳው ደግሞ አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ባህር ዛፍ አለ። ጁሊያን የገባበት ባህር ዛፍ።

ደግሞ ካርቡራተሩ አለ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ካልተቀነሰ ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። እናንተ ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ድሮ ከጊቤ ሽቅብ ቡና ሊጭን ወደ ጅማ የሚመጣ አሮጌ ካሚዮን ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚያቃስተው ምን ሆኖ ነው? ያው ነው። አውሮፕላን ላይ ቤንዚኑን የሚቀንስ እጀታ አለ፣ ብዙ ከቀነስክ ሞተሩ ይግላል፣ ያቃጥላል፣ ትንሽ ከቀነስክ ይታፈናል፣ የሚነግርህ ድምፁ ነው። ይሄን በመጽሐፍ አታገኘውም። ሺህ ሞተር የከፈተ ሰው ነው የሚሰማው።

እና የነበረን ምንድነው፣ ፖቴዝ የፈረንሳይ፣ ዩንከርስ የጀርመን፣ በጣት የሚቆጠሩ፣ ያረጁ፣ መሳሪያ የሌላቸው፣ አንዱ ካንዱ እቃ የማይዋዋስ። ጣልያን በመቶ የሚቆጠር የጦር አውሮፕላን ነው ያሰለፈው። መለዋወጫ ከውጭ አይመጣም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማብረር ብቻ የሚችል ሰው ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው ማግኔቶ ሲቃጠል ቁጭ ይላል። ሮቢንሰን ግን የሞተር ሳይክል ሞተር ሰማይ ያወጣ ሰው ነው፣ በወዳደቀ እንጨት ሃንጋር የሰራ ሰው ነው። ቺካጎ ያደረጉበት ክፋት ሁሉ ሳያውቁት ለአዲስ አበባ ነበር ያዘጋጀው። እኔ ክፋት ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም ደግሞ፣ እንዳትጠመዝዙብኝ፣ በሩ ክፍት ቢሆንለት ኖሮ ምናልባት ከዚህም የበለጠ ያደርግ ነበር።

ከጦር ግንባር ወደ አዲስ አበባ መልእክት፣ መድሃኒት፣ ሰው ይዞ እየተመላለሰ፣ የጣልያን አውሮፕላን ሲያሳድደው ሸለቆ ለሸለቆ እየገባ እስከ መጨረሻው ሰራ። ንጉሱ ከመሰደዳቸው በፊት ወጣ፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1944 በፈረንጅ አስተማሪዎች ይዞ ተመለሰ፣ አብራሪዎች አሰለጠነ፣ ከስዊድኑ ፓይለት ከካውንት ቮን ሮዘን ጋር እስከ ቡጢ ደርሰው ተጣሉ፣ አየር ኃይሉን ለቀቀ፣ ግን አገሩን አልለቀቀም። መጋቢት 1946 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን ወደቀች፣ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ይሄን በሩጫ ያለፍኩት የዛሬው ስለ ልጅነቱና ስልጠናው ስለሆነ ነው።

ደብረዘይት ምን እንደሚመስል ግን ትንሽ ልጨምር፣ የሱ ነገር እኛ ጋም ስለነበር። ጀማሪ አብራሪዎች የሚማሩባት ሳፊር የምትባል የስዊድን አውሮፕላን ነበረች፣ ቮን ሮዘን ናቸው ያመጧት፣ እኔ እሷ ላይ ነው የሰራሁት። እጩ መኮንኖቹ ሲመጡ ቱታቸው ተተኩሶ፣ ጫማቸው መስታወት፣ ቶሎ ገብተው ቶሎ መነሳት ነው የሚፈልጉት። አንድ መምህር ነበሩ፣ መቶ አለቃ፣ ማንንም ወዲያው አያስገቡም። «ዙራት» ነው የሚሉት። መዞር ማለት ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ በእጅ መዳሰስ ነው፣ ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ጎማ። ከዛ ከታንከሩ ስር ትንሽ ቤንዚን በብርጭቆ መቅዳት። ሌሊት ታንከር ውስጥ እርጥበት ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ስር ይቀመጣል፣ ሞተሩ የሚስበው እሱን ነው። በብርጭቆ ሲቀዳ ውሃው ከስር እንደ ዶቃ ይታያል። አንድ ልጅ ቀድቶ ሳያየው ደፋው፣ መምህሩ አዩት፣ ለሁለት ሳምንት አላበረሩትም፣ ከኔ ጋር ሃንጋር ውስጥ ካንዴላ ሲያጸዳ ከረመ። መጀመሪያ ቀን አኩርፎ አላናገረኝም። በሁለተኛው ሳምንት ሞተር ሲነሳ የትኛው ሲሊንደር እንደማይተኩስ በጆሮው መለየት ጀመረ። በኋላ ጥሩ ፓይለት ወጣው፣ ስሙን አልነግራችሁም፣ አለ።

እሺ የመጨረሻ ጥያቄ፣ አንተ። ... «ጋሼ እርስዎስ በርረው ያውቃሉ ወይ» ነው የሚለው። አንድ ጊዜ።

ሳፊር ላይ ሞተር ቀየርን። ሞተር ከተቀየረ በኋላ ቼክ በረራ አለ። መቶ አለቃው መጡና ፎርሙን አዩት፣ ፊርማዬን አዩ፣ «አንተ ነህ ያጠበቅከው?» አሉኝ። ነኝ ጌታዬ። «እንግዲያው ግባ።» ለካ ልማዳቸው ነው፣ የጠገነው ሰው አብሮ ይውጣ። ገባሁ። ማግኔቶዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ሞከሩ፣ አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የኔ ሆድ አብሮ ዝቅ ይላል። ተነሳን።

የቢሾፍቱን ሃይቆች ከላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከስርህ። ሰማያዊ ለኔም ይለያል፣ እሱ አያሳስተኝም፣ እንደማንም ነው ያየሁት። ሞተሩ እንደ ድመት ነው የሚያንኮራፋው። «እንዴት ነው?» አሉኝ፣ ጥሩ ነው ጌታዬ አልኩ። ከዛ መቶ አለቃው ሞተሩን በደንብ ልንፈትነው ብለው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ታች ይዘውኝ ሄዱ፣ እኔ ጠዋት በልቼ ነበር። በኮፍያዬ ለመያዝ ሞከርኩ፣ ግማሹን ያዝኩ።

አርፈን ሞተር ሲጠፋ ወርደው አዩኝ፣ አልተቆጡም። ፎርሙ ላይ ፈረሙና «ሞተሩ ደህና ነው» አሉ፣ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። አንድ ጀማሪ ጨርቅ ይዞ ሊያጸዳ እየሮጠ መጣ፣ ስጠኝ ብዬ ጨርቁን ተቀበልኩትና መጥረጊያም አምጣ አልኩት።